ሽምብራና አረም፦ ማሳው የሚበላሸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው

ሽምብራ ዘርተው የሚተዉት ሰብል ነው ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ድርቅ ይችላል፣ ማዳበሪያ ብዙም አይፈልግም፣ ስለዚህ እንክብካቤም አያሻውም ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እውነት ናቸው። ሦስተኛው ግን ስህተት ነው፣ ብዙ ምርት የሚያስቀረውም እሱ ይመስለኛል።

ሽምብራ ጅማሬው ቀርፋፋ ነው። ቁመቱ አጭር፣ ቅጠሉ ጥቃቅን ስለሆነ በመስመሮቹ መካከል ያለውን መሬት እስኪሸፍን ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ። በዚያ ክፍት ቦታ ላይ ብርሃን አለ፣ እርጥበት አለ፣ አረሙም እሱን ነው የሚጠብቀው። ከተዘራ ጀምሮ እስከ 60ኛው ቀን ገደማ ማሳው በአረም ከተያዘ ምርቱ በግማሽ ሊወርድ ይችላል፤ ክፉኛ ከተወረረ ደግሞ ከግማሽም በላይ ይጠፋል። ችግሩ ደግሞ ብዙ ሰው ለማረም የሚገባው አረሙ ከሽምብራው በላይ ሆኖ ከሩቅ ሲታይ ነው። ያኔ አረሙ ውኃውንና ብርሃኑን ተሻምቶ ጨርሷል፣ ሥሩም ከሽምብራው ሥር ጋር ስለተጠላለፈ ሲነቀል ሰብሉን ይዞ ይወጣል።

«ታዲያ መድኃኒት ይረጭ» የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ ነው ሽምብራ ከስንዴ የሚለየው። ስንዴ ውስጥ ያለን ሰፋፊ ቅጠል አረም የሚያጠፋው ኬሚካል ሽምብራውንም ያቃጥለዋል፣ ሽምብራ ራሱ ከሰፋፊ ቅጠሎች ወገን ነውና። ለሣር ነክ አረሞች ከበቀሉ በኋላ የሚረጭ አለ። ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ግን ከበቀሉ በኋላ ሰብሉን ሳይነካ የሚለይ መድኃኒት በጣም ጥቂት ነው።

ስለዚህ ሥራው ከዘር በፊት መጀመር አለበት። ከሁሉ በፊት ሽምብራን በሽምብራ ላይ አትዝሩ። ባለፈው ዓመት ስንዴ ወይም ሌላ የብርዕ ሰብል የነበረበት መሬት ይሻላል፤ ሰፋፊ ቅጠል አረሞችን በዚያ ዓመት ማጥፋት ቀላል ስለሆነ የአረሙ ዘር በአፈሩ ውስጥ ይቀንሳል። ሥር አድርቅ በሽታን የሚያመጣው ፈንገስም አፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ሰብል ማፈራረቁ ለሱም ይጠቅማል። ሌላው እኔ በጣም የምወደው ዘዴ አረሙን አታሎ ማብቀል ነው። መሬቱን አለስልሶ፣ ዝናብ ወይም ውኃ አግኝቶ የመጀመሪያው አረም ብቅ ሲል፣ ላይ ላዩን ብቻ ገልብጦ ማጥፋትና ከዚያ መዝራት። ጥልቅ ከታረሰ ከታች የተቀበረውን የአረም ዘር እንደገና ወደ ላይ ማውጣት ይሆናል። ይህ ዘዴ ጥቂት ቀናት ያስወስዳል፣ እርጥበቱ የሚያጥርበት ወቅት ከሆነ አይመከርም።

አዘራሩም ራሱ አረም ይከላከላል። በብተና የተዘራ ሽምብራ ውስጥ መኮትኮት ፈተና ነው። በመስመሮች መካከል 30፣ በተክሎች መካከል 10 ሴንቲሜትር ያህል ሲተው ሰው እንደ ልቡ ገብቶ ይኮተኩታል፣ ሽምብራውም ቶሎ ተገጣጥሞ መሬቱን ያጠላበታል። የመጀመሪያው አረማ ከ30ኛው ቀን ባይዘገይ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከማበቡ በፊት ቢያልቅ ጥሩ ነው። ጤዛ ሳይደርቅ ግን አትግቡ፤ እርጥብ ቅጠል መነካካት አስኮካይታ የሚባለውን የፈንገስ በሽታ ከተክል ወደ ተክል ያዳርሳል።

እድገቱን በተመለከተ፣ የለመለመ ሽምብራ ሁሉ ጥሩ ሽምብራ አይደለም። ሽምብራ እርጥበት እስካገኘ ድረስ እያበበም ማደጉን አያቆምም፤ ውኃና ናይትሮጅን ሲበዛበት ቅጠል ይሆንና ፍሬ ይረሳል፣ ከዚያም ይጋሸባል፣ ማለትም መሬት ላይ ይተኛል። ናይትሮጅኑን በሥሩ ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከአየር ያዘጋጁለታል። ከመጠን ያለፈ ዩሪያ፣ ማለትም የናይትሮጅን ማዳበሪያ፣ እነሱን ያሰንፋቸዋል፣ የሚጠቀመውም አረሙ ነው። ከ30 እስከ 40 ቀን ሲሆነው የተክሉን ጫፍ መቀንጠብ ቅርንጫፍ ያበዛል፤ ይህ ግን በቂ እርጥበት ላለውና ወደ ላይ ለሚሮጥ ሰብል ነው፣ በድርቅ ለተጨነቀ ተክል ጉዳት ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ያመለጠ አረም አይጠፋም። ዘር ሳያፈራ ተነቅሎ ከማሳው ይውጣ፤ አንዳንዱ አረም ከአንድ ተክል ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ዘር ያራግፋል፣ ያ ዘር ደግሞ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል።