ፓምፑን ሌላ ሰጠን፣ ቦዩንም ሌላ ይጥረግልን?

ድሬዎች፣ የሐረር ልጆች፣ ዛሬ የምጽፈው ደስ አይላችሁም። ቢሆንም አንብቡት።

የውጭ ድርጅት የመስኖ ፕሮጀክት ይዞ መጣ ሲባል ምን እንደምንሆን ሁላችንም እናውቃለን። ድንኳን ይተከላል። ወንበር ይደረደራል። ባለሥልጣኑ ሪባን ይቆርጣል፣ ሽማግሌው ይመርቃል፣ አዲሱ ፓምፕ እየተንደቀደቀ ውሃውን ሲተፋ እናጨበጭባለን። ሁለት ክረምት ሳይሞላ ቦዩ በደለል ይደፈናል። አካፋ ይዞ የሚወጣ አንድ ሰው የለም። ምነው ሲባል «ድርጅቱ መጥቶ ያስጠርገዋል»። አቦ፣ የትኛው ድርጅት? ሰዎቹ እኮ ሪፖርታቸውን ጽፈው አገራቸው ከገቡ ቆዩ!

በመስኖ ላይ ከዓለም ጋር መተባበርን እኛ ልክ እንደ እርዳታ ስንዴ ነው የያዝነው። ይመጣል፣ እንቀበላለን፣ ያልቃል፣ ሌላ ዙር እንጠብቃለን። የሚገርመው ነገሩ ሲጀመርም እንዲህ አልነበረም። ዓለም አቀፉ የመስኖና ድሬኔጅ ኮሚሽን የተመሠረተው በ1950 እ.ኤ.አ. ኒው ዴልሂ ላይ ነው። ህንድ ከእንግሊዝ ነፃ ከወጣች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። በዚያ ድህነቷ ላይ ሌሎች አገሮችን ሰብስባ ስለ ቦይ፣ ስለ ጎርፍ፣ ስለ ውሃ ማንጣፈፍ (ድሬኔጅ ማለት ይኸው ነው፣ ትርፉን ውሃ ከማሳ ማውጣት) ታወራ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ዛሬም እዚያው ነው። ባንክ አይደለም፣ ፓምፕም አያድልም። መሐንዲሶችና ተመራማሪዎች ቁጭ ብለው «እኛ አገር ይህን ሠርተን ተበላሸ፣ እናንተ እንዳትደግሙት» የሚባባሉበት ነው። እኛ የማንፈልገው እሱን ነው። የሌላውን ስህተት በነፃ ሲሰጡን «ይሄማ ወሬ ነው» ብለን ጄነሬተሩን እንጠይቃለን።

እስቲ የመንን እንውሰድ። ድሬ መጋላ ሰፈር ውስጥ የየመን ዘመድ ያለው ሰው ብዙ ነው፣ ስለዚህ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። በሰንዓ ዙሪያ ገበሬው ለብዙ መቶ ዓመታት በዝናብና በጎርፍ ውሃ ነበር የሚያርሰው። ከወንዝ የሚወርደውን ደራሽ በድንጋይና በአፈር ክትር ጠልፎ ወደ ማሳ ማስገባት የመኖች የተካኑበት ጥበብ ነው። ከዚያ ናፍጣ በርካሽ ተገኘ፣ ሞተር መጣ፣ ሁሉም የየራሱን ጉድጓድ ቆፈረ። ጫቱ ለመለመ። የእርሻው ውሃ ከሲሶ የማያንሰው ጫት ላይ የሚፈስ ሆነ። ጉድጓዱ በሜትር ይቆፈር የነበረው በመቶ ሜትር ይቆፈር ጀመር። ጦርነቱ ሳይመጣ በፊት ነው ሰንዓ ውሃ የሚያልቅባት ዋና ከተማ ትሆናለች የተባለው። እኛስ ከአወዳይ እስከ ሐረማያ፣ ከዚያም አልፎ፣ ምን እያደረግን ነው? ያንኑ! አንድ ነገር ሳንቀንስ።

ባሕር መሻገር ካልፈለጋችሁ በአዋሽ በኩል ያለውን አሚባራን እዩ። እዚያ ትልልቅ የጥጥና የሙዝ እርሻዎች ሲከፈቱ ውሃ ማስገቢያው በደንብ ታሰበበት፣ ውሃ ማውጫው ግን ተረሳ። ማሳው ከሚፈልገው በላይ ይጠጣል፣ ትርፉ ወደ ታች ይሰርጋል፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከዓመት ዓመት ሽቅብ ይመጣል። ሥር ጋ ሲደርስ ፀሐይ ትስበዋለች። ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። በቆላ እርሻ ላይ ጠዋት አመዳይ የመሰለ ነጭ ነገር አፈሩን ሸፍኖ ካያችሁ እሱ ነው። እዚያው አሚባራ፣ መልካ ሳዲ ላይ ሙዙን ያስለቀቀው ይኸው ነው። በኋላ ከውጭ በተገኘ ገንዘብ ከመሬት በታች የድሬኔጅ ቧንቧ ተቀበረ። መጀመሪያ ቢታሰብበት ኖሮ ብዙ መሬት ይተርፍ ነበር። ድሬኔጅ ግን ሪባን አይቆረጥለትም። መሬት ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ ፊት ቆሞ ፎቶ የሚነሳ ማን ነው?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የሐረማያ ሐይቅ ነው።

ሐረር ለስንት ዓመት የጠጣችው የዚያን ሐይቅ ውሃ ነበር። ዙሪያውን ሞተር ተተከለ። ጫቱም፣ ድንቹም፣ ሽንኩርቱም ከዚያው ጠጡ። ከራቆቱ ጋራዎች የሚወርደው ደለል ደግሞ ሐይቁን ከታች ሞላው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ጭልጥ ብሎ ደረቀ። ጀልባ ይሄድበት የነበረው ቦታ ላይ ከብት ተሰማራ። ሐረር ቢጫ ጀሪካን ደርድራ ቦቴ ጠባቂ ሆነች። ያኔ ልጅ የነበረ ሁሉ ቦኖው ጋ የነበረውን ሰልፍና ግፊያ ያስታውሳል። ከዚያ በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ ከድሬዳዋ በኩል ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ውሃው ደንገጎን ሽቅብ እየተገፋ ሐረር ገባ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ። ያን ሁሉ ዳገት ውሃ በመብራት ኃይል እየተገፋ ይወጣል። መብራት ሲሄድ ውሃም ይሄዳል። ልብ በሉ፣ ራሳችን ጠጥተን የጨረስነውን ሐይቅ ለመተካት ነው ከባንክ ገንዘብ የወሰድነው።

ደግሞ የት ሆኖ እንደደረቀ እዩልኝ። ከሐይቁ ጎን ያለው ዩኒቨርሲቲ ራሱ የዓለም አቀፍ ትብብር ልጅ ነው። በ1940ዎቹ ፖይንት ፎር በተባለው የአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ ፕሮግራም በኩል የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ መምህራን መጥተው አቋቋሙት። እስከ 1960 ድረስም አብረው አስተማሩ። አፈር የሚያጠና፣ ውሃ የሚለካ፣ መስኖ የሚያስተምር ሰው ከሐይቁ አጥር ማዶ ቁጭ ብሎ ነበር። ስለ ሐይቁም ተጻፈ፣ ተነገረ። ሞተር የተከለው ሰውም የሚያደርገውን አላወቀም አልልም። «እኔ ዛሬ ባቆም ጎረቤቴ ይስበዋል» ነው ሒሳቡ። ይህን ሒሳብ ኦክላሆማ አይፈታልህም፣ ሮም ያለው የምግብና እርሻ ድርጅትም አይፈታልህም። እዚያው ጎረቤትህ ጋ ሄደህ ነው የምትፈታው።

አሁን በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል፣ ተመስገን። እርከን ተሠራ፣ ዝናቡም ረዳ። ቅዳሜና እሁድ ፎቶ ለመነሳት የሚሄደው ሰው ብዛቱ! ሂዱ፣ ተነሱ፣ ደስ ይላል። ግን እዚያ ስትሆኑ ጆሯችሁን ወደ ዳርቻው አዙሩና ሞተር ይሰማ እንደሆነ ስሙ።

«ታዲያ ጠብታ መስኖ ይስጡና» የሚል አይጠፋም። እሺ። ድሬ ዙሪያ አንድ እርሻ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጥቁሩ የጠብታ ላስቲክ ፓፓያው ሥር ተዘርግቷል፣ ከአራቱ ቀዳዳ ሦስቱ አይንጠባጠብም። ለምን? ድሬ ውስጥ ውሃ የምታፈላ እናት ታውቀዋለች፣ ማንቆርቆሪያውን ገልብጦ ማየት ነው። ያ ውስጡን የሚጋግረው ነጭ ኖራ ቀዳዳውንም ይደፍነዋል። መፍትሔ አለው፣ በየጊዜው ቀለል ባለ አሲድ ይታጠባል፣ ማጣሪያው ይጸዳል። ሥልጠና ተሰጥቷል። ሠልጣኞቹ ሄደዋል፣ አበላቸውን ተቀብለዋል፣ ምሳ በልተዋል። ላስቲኩ ግን ግማሹ ተቆርጦ የፍየል በረት ማሰሪያ ሆኗል። እግዜር ያሳያችሁ፣ ከስንት አገር ተጉዞ የመጣ ዕቃ!

ሠራ እንኳ ብንል ሌላ ጣጣ አለ። በጠብታ ውሃ ያተረፈ ሰው ያተረፈውን ጉድጓድ ውስጥ አይተወውም፣ ተጨማሪ ማሳ ይከፍትበታል። የውሃው መጠን ያው ነው፣ ጫቱ ብቻ በዛ። በሌላም አገር የታየው ይኸው ነው። ስለዚህ ማንም የማይለካው ጉድጓድ ላይ የሚዘረጋ ቴክኖሎጂ ውሃ አያድንም። ስንቱ ጉድጓድ ላይ ነው ቆጣሪ ያለው? ስንቶቻችን ነን ቆጣሪ ሊገጠም ሲመጣ «ሊያስከፍሉን ነው» ብለን የምንጮኸው?

በዓለም ላይ ሰው ከወንዝና ከጉድጓድ ከሚቀዳው ውሃ 70 በመቶ ያህሉን የሚወስደው እርሻ ነው። የቤት ቧንቧ ስታንጠባጥብ የምትቆጡትን ያህል ለማሳው ውሃም ብትቆጡ ምናለ?

መተባበር አንችልም እንዳትሉኝ። አፎቻ የሚባል እድር ያለው አገር ነው ይሄ! ለቅሶ ሲሆን ማን ይቀራል? የቀረ ይቀጣል፣ የዘገየ ያፍራል። መዋጮው በወቅቱ ይገባል፣ ዕቃው ተቆጥሮ ይመለሳል። ይህን የሚያውቅ ሕዝብ ለቦይ ጠረጋ ሲጠራ ግን ሰባቱ መጥቶ ሃያው ይቀራል፣ የቀረውም ውሃ ተራው ሲደርስ ቀድሞ ይገኛል። ሕጉ ከወጣ ቆይቷል፣ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ይባላል። ማኅበር አቋቁሙ፣ መዋጮ ሰብስቡ፣ ውሃውን በተራ አከፋፍሉ፣ ቦዩን ጠግኑ ይላል። ማኅበሩ በወረቀት አለ፣ ማኅተምም አለው። ማኅተሙ የሚወጣው ግን ድርጅት ሲመጣ ነው።

ከላይ ያለው ከታች ላለው ማሰብ አለበት ስንልም ከቀበሌ አልፎ የሚሄድ ነገር ነው። ከደንገጎ ጋራ በዚህ በኩል የወረደ ዝናብ ወደ ድሬና ወደ አፋር በረሃ ይሄዳል። በወዲያ በኩል የወረደው ኤረርን ይዞ ዋቢ ሸበሌ ይገባል፣ ከዚያ ጎዴ፣ ከዚያ ሶማሊያ። በግንቦት 2015 በእኛ ደጋ የጣለው ዝናብ ሸበሌን ሞልቶ በለድወይን ከተማን ሲያጥለቀልቃት ነዋሪው ጓዙን ይዞ ወጣ። በደረቅ ዓመት ደግሞ ያንኑ ወንዝ ጠብቀው ያጡታል። ከራቆተው ጋራ ላይ ያልሠራነው እርከን ድንበር ተሻግሮ የሰው ቤት ይገባል ማለት ነው። ኢጋድ በ1986 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት በስሙ ውስጥ ድርቅ የሚል ቃል ነበረበት፣ ጅቡቲ ተቀምጠው መሪዎቹ ቢነጋገሩ ጥሩ ነው። እኛ ግን ከላይ ቀበሌና ከታች ቀበሌ ሆነን በውሃ ተራ አካፋ እየተማዘዝን ስለ ድንበር ተሻጋሪ ወንዝ በርጫ ላይ ስንተነትን እናመሻለን።

ድሬዎች፣ ስለ ጎርፍ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ከ250 በላይ ሰው ወሰደብን። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይጥል ከጋራው የወረደ ውሃ ነው የሚመጣው፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ግንብ ተገነባ። እኛ ደግሞ ከግንቡ ውስጥ ቆሻሻ እንደፋለን፣ የላስቲክ ከረጢቱን፣ የሕንፃ ፍርስራሹን፣ የጫት ገራባውን። የከተማውን የጎርፍ መውረጃ ቱቦ ደፍነን መንገዱ ባሕር ሲሆን ማዘጋጃ ቤቱን እንረግማለን። ማዘጋጃ ቤቱም ነፃ ነው አላልኩም። ገራባውን የጣለው ግን እሱ አይደለም።

ጫቱን ንቀሉ የምል መስሏችሁ እንዳትሰድቡኝ። በአንድ እግሩ ጅቡቲና ሐርጌሳ የሚደርሰው ቅጠል ስንት ቤት እንደሚያሳድር አውቃለሁ፣ የእኔም ዘመዶች በእሱ ነው ያደሩት። ውሃውን ቆጥራችሁ አጠጡት ነው የምለው። በጠራራ ፀሐይ ማጠጣት ይቅር። ዝናቡ ሲመጣ በኩሬ ያዙት። ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት የጎረቤታችሁ ጉድጓድ ስንት ሜትር እንደወረደ ጠይቁ።

እና ቀጣዩ ፕሮጀክት ሲመጣ፣ መምጣቱ አይቀርም፣ ከማጨብጨባችሁ በፊት አንድ ሁለት ነገር ጠይቁ። የፓምፑ መለዋወጫ ከየት ይገዛል፣ በማን ገንዘብ? የመዝጊያው ቁልፍ ማን ጋ ይቀመጣል? ትርፉ ውሃ ወዴት ይወጣል? ቦዩን በጥርና በሰኔ ማን ይጠርጋል፣ የቀረውስ ምን ይቀጣል? ስብሰባው ላይ ይህን ለመጠየቅ እጁን ያወጣ ሰው ካለ፣ እባካችሁ፣ የአበሉ ጥያቄ ከመነሳቱ በፊት እሱን አስቀድሙት።