«ሶርስ» የምትባለው ቁልፍ

አንድ ቴሌቪዥን ለቤተሰቡ ሁሉ እኩል አይበላሽም። እንደየሰዉ ነው የሚበላሸው። ደብረ ማርቆስ የሚኖሩትን ጎረቤታችንን የኔታን ማየት ይበቃል።

የኔታ የዋሸራ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። ሰሙን ከወርቁ ለመለየት ለአፍታ እንኳ አይቸገሩም። ሪሞት ሲይዙ ግን ጉድ ይፈላል። መጀመሪያ መዳፋቸው ላይ ጠፍ ጠፍ ያደርጉታል። እምቢ ካለ ባትሪውን አውጥተው እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ሪሞቱ ከተገዛ ጀምሮ ከነላስቲኩ ነው። ላስቲኩ ደግሞ የስንቱን እጅ ቅባት ጠጥቶ ቁጥሩ አይታይም። ስለዚህ በግምት ይጫናሉ። ግምታቸው ምን ጊዜም «ሶርስ» የምትባለው ቁልፍ ላይ ያርፋል።

ሶርስ ከተነካች ቴሌቪዥኑ ሪሲቨሩን ትቶ ሌላ ገመድ ይጠብቃል። «ኖ ሲግናል» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። የኔታም ይፈርዳሉ፦ «ዲሹን ነፋስ መትቶታል! አንተ ልጅ፣ ውጣ!»

ልጁ ቆርቆሮው ላይ ይወጣል። ዲሹ ምንም አልሆነም ነበር። አሁን ሆነ። ናይልሳት በምዕራብ 7 ዲግሪ፣ ኢትዮሳት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ናቸው፤ እሱ ሁለቱንም ትቶ ወደ ጮቄ ተራራ አዞረው።

«መጣ?»

«ትንሽ ግፋው!»

ቢገፋውስ ከየት ይመጣል?

ባለቤታቸውን ይሄ ሁሉ አያሞቃቸውም፣ አይበርዳቸውም። የእሳቸው ጠላት ብሬከሩ ነው። ከ3 ሺህ ዋት በላይ የሚበላ ምጣድ ሰክተው ሊጡን አዙረው ሲከድኑ፣ አንዱ ስቶቭ ይሰካል። ብሬከሩ ይወርዳል። እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋማ «ተመስገን፣ መብራቱ ለምጣዴ ይብቃ» ይላሉ። ከምጣዱ ጋር ሲነጻጸር ቴሌቪዥኑ የሚበላው ኢምንት መሆኑን ማን ደፍሮ ይንገራቸው?

ዲሽ ሠሪው መጣ። ሪሞቱን ወደ ስልኩ ካሜራ አዙሮ ጫን ሲያደርገው ጫፉ ላይ ብርሃን ብልጭ አለ። ሪሞቱ ጤነኛ ነው። ሶርስን አስተካከለ። ከዚያ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የልጁን ሥራ አፈረሰ፤ ሒሳቡንም ለየብቻ አስከፈለ።

«የኔታ፣ ይህቺን እንዳይነኩብኝ» ብሎ ቁልፏ ላይ ፕላስተር ለጠፈባት።

ማታ ልጁ በፍላሽ ፊልም ይዞ መጣ። ያለ ሶርስ ፍላሹ አይከፈትም። ፕላስተሩን በጥፍሩ መፋቅ ሲጀምር የኔታ መቋሚያቸውን አነሱ።