ቀይ ድንች የስኳር ድንች ዲቃላ አይደለም

«ዴዚሬ የሚባለው ቀይ ድንች ከስኳር ድንች ጋር ተዳቅሎ የወጣ ነው፤ ቅጠሉም ይበላል» የሚል አስተያየት ደጋግሜ አየሁ። ቀለሙ ሊያሳስት እንደሚችል ይገባኛል። ግን ልክ አይደለም።

ዴዚሬ በ1962 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስ ውስጥ፣ ኡርጀንታ እና ዴፔሽ ከተባሉ ሁለት የድንች ዝርያዎች ተዳቅሎ የወጣ ነው። ሁለቱም ድንች ናቸው። ስኳር ድንች ከነጭራሹ ሌላ የዕፅዋት ቤተሰብ ነው።

ማሳ ላይ አበባውን እዩት። የድንች አበባ እንደ ቲማቲም አበባ ኮከብ ይመስላል። የስኳር ድንች ግን ጡሩምባ ነው የሚመስለው፤ ተክሉም መሬት ለመሬት የሚሳብ ሐረግ ነው።

ቅጠሉን በተመለከተ እባካችሁ ተጠንቀቁ። የስኳር ድንች ቅጠል ተቀቅሎ ይበላል። የድንች ቅጠል ግን ሶላኒን የሚባል መርዝ አለው፤ ድንቹ ቀይም ሆነ ነጭ፣ ቅጠሉን እንዳታበስሉት።