«ገባችሁ?» «አዎ ቲቸር!»

ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ እጁን እያራገፈ ወደ ተማሪዎቹ ይዞራል።

«ገባችሁ?»

«አዎ ቲቸር!»

«ጥያቄ ያለው?»

ዝም።

«ጎበዞች። ነገ ምዕራፍ ሦስትን እንጀምራለን።» ደወሉ ይደወላል።

እዚህ አገር ተምሮ ይህን ያላየ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። እኔ ከሁለቱም ወገን ሆኜ አይቼዋለሁ፤ መጀመሪያ ዴስክ ላይ ተቀምጬ፣ በኋላ ሰሌዳው አጠገብ ቆሜ። በአንድ የወረዳ ከተማ ሒሳብ ሳስተምር በነበርኩባቸው ዓመታት ይህን ጥያቄ በቀን ሃያ ጊዜ ሳልጠይቅ የዋልኩ አይመስለኝም። «አልገባንም» የሚል መልስ ግን አንድም ቀን አልሰማሁም። እንግዲህ ወይ እኔ እንከን የለሽ መምህር ነበርኩ፣ ወይ ጥያቄው ጥያቄ አልነበረም።

የቱ እንደሆነ የገባኝ አምስተኛ ክፍልን ክፍልፋይ ሳስተምር ነው። 72 ተማሪዎች ነበሩ፤ ለሦስት በተሠራው ዴስክ ላይ አንዳንድ ቦታ አራት ሆነው ይቀመጣሉ። ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮች እንዴት እንደሚደመሩ ሁለት ቀን ሙሉ አስረዳሁ። «ገባችሁ?» «አዎ!» በሦስተኛው ቀን ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ በግማሽ ወረቀት አንዲት ጥያቄ ብቻ ሰጠኋቸው፦ 1/2 + 1/3። ማታ ቤቴ ተቀምጬ ወረቀቶቹን ስለያይ 5/6 ብለው የጻፉት 11 ብቻ ሆኑ። አብዛኛው የጻፈው 2/5 ነው። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረው፣ አለቀ።

በማግስቱ ሕጉን እንደገና ከመጻፍ ይልቅ እንዲህ ብዬ ጠየቅኳቸው፦ «ግማሽ እንጀራ የያዘ ሰው ሲሶ ቢጨመርለት፣ በእጁ ያለው ከግማሽ ያንሳል ወይስ ይበልጣል?» መጀመሪያ የመጣው ጥያቄ «ሲሶ ምንድን ነው ቲቸር?» የሚል ነበር። (አያቶቻቸው «ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» እያሉ ነው ያደጉት፤ የእኛ መጽሐፍ ግን «አንድ ሦስተኛ» ብሎ ቃሉን ከቤት አስወጣው። ይህ ሌላ ቁጭት ነው፣ ልለፈው።) ሲሶ ምን እንደሆነ ከተግባባን በኋላ አንዱ ልጅ ድንገት «እንዴ፣ 2/5 እኮ ከግማሽ ያንሳል!» ብሎ ጮኸ። ያን ቀን ክፍሉ ተንጫጫ። ሁለት ቀን ሙሉ ዝም ብሎ ያዳመጠኝ ክፍል ምንም አልተማረም ነበር፤ በዚያ ጫጫታ መሀል ግን ተማረ።

የምከራከረው ለዚህ ነው። «የተማሪ ሥነ ምግባር ተበላሸ» የሚለው እሮሮ እና «የትምህርት ጥራት ወደቀ» የሚለው እሮሮ በሁለት የተለያዩ ስብሰባዎች ይነሳሉ። ለእኔ ግን ምንጫቸው አንድ ነው፤ እሱም ዝምታን እንደ መማር መቁጠራችን።

የክፍል አለቃን አስታውሱ። መምህሩ ቢሮ ሲጠራ አለቃው ተነስቶ ሰሌዳው ጥግ ላይ «ረባሾች» ብሎ ይጽፍና ከሥሩ ስም ይደረድራል። ደግሞ ያወራ ከስሙ ጎን «ኤክስ» ይጨመርበታል። ጓደኛው ከሆነ ይዘለዋል፣ ቂም ካለው ሳያወራም ይጽፈዋል። መምህሩ ሲመለስ ዝርዝሩን ያነባል፣ የተጻፉት ይወጣሉ፣ ይንበረከካሉ ወይም እጃቸውን ይዘረጋሉ። እዚያ ዝርዝር ላይ የሰፈረ ልጅ ሲያወራ ስለ ምን እንደነበር የጠየቀ መምህር አላጋጠመኝም። ጎኑ ያለውን ልጅ ሦስተኛውን ጥያቄ እንዴት እንደሠራው እየጠየቀው ሊሆን ይችላል። ረባሽ ነው፣ አለቀ።

አርጩሜውስ? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው በግልጽ ይደነግጋል። ሠላሳ ዓመት አለፈው። ማስመሪያውና የጎማው ቁራጭ ግን ዛሬም በብዙ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ጠረጴዛ ላይ አሉ። ወላጁም አለበት። አንድ አባት ልጁን በጆሮው ይዞ አምጥቶ «መምህር፣ ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ እንጂ ቀጥቅጠው ያስተምሩልኝ» ብሎኝ ያውቃል፤ በአክብሮት ነው ያለኝ፣ ከልቡ። እኔም መትቻለሁ። የመታሁባቸውን ቀናት ሳስታውስ ግን አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፦ ተዘጋጅቼ ያልገባሁባቸው ቀናት ነበሩ። ሰሌዳው ባዶ፣ ተማሪው ሥራ ፈት፣ እኔ ደግሞ የመጽሐፉን ገጽ ፈላጊ። ሥራ የሌለው 72 ልጅ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሥራ ይፈጥራል።

ይህን ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄኮብ ኩኒን እያስተማረ ሳለ አንድ ተማሪ ጋዜጣ ሲያነብ አይቶ ይቆጣዋል፤ ቁጣው ሌሎቹንም ቀጥ እንዳደረጋቸው አስተውሎ ነገሩን ለዓመታት አጠና። መምህራን የሚቆጡበትን መንገድ መርምሮ ጥሩውን ቁጣ ከመጥፎው ሊለይ ነበር ሐሳቡ። እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ግኝት ግን ሌላ ሆነ። ረብሻ ከተፈጠረ በኋላ መምህሩ የሚወስደው እርምጃ ጸጥ ያለውን ክፍል ከተረበሸው አይለየውም። የሚለየው ከዚያ በፊት ያለው ነው፦ ጀርባው ላይ ዓይን ያለው ይመስል ነገሩ ሳይቀጣጠል የሚያይ፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲሻገር ተማሪውን ሥራ ፈት የማያደርግ መምህር።

ታዲያ የእኛ ትምህርት ቤቶች አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ ያጡበት ጊዜ የለም። እኔ ራሴ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣልን ጀመር። የቴሌቪዥኑ አስተማሪ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሴኮንድ ይታገሣል፣ ከዚያ ማንም ሳይመልስለት ራሱ መልሶ ይቀጥላል። መምህራችን ጥግ ላይ ቆሞ እንደኛው ያያል። መብራት ሲጠፋ ደስ ይለን ነበር፤ መምህሩ በአማርኛ ያስረዳናላ። «ገባችሁ?» ማለት ፋይዳ የለውም ብያለሁ፤ ፕላዝማው ግን እሱንም የሚል ሰው አሳጣን።

ቀጥሎ አንድ ለአምስት መጣ። አምስት ተማሪ በአንድ ጎበዝ ዙሪያ ይደራጃል፣ ጎበዙ ደካሞቹን ያበቃል። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፣ ባዕድም አይደለም። በቆሎ ትምህርት ቤት ፊደል የለየው ያልለየውን ያስቆጥራል፣ ዳዊት የደገመው ንባብ ጀማሪውን ያስነብባል። የኔታ ብቻቸውን ያን ሁሉ ተማሪ የሚያደርሱት በዚህ ነው። በቅኔ ቤት ደግሞ ተማሪው የራሱን ቅኔ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ ከተሳሳተ እዚያው ይታረማል። እዚያ ቤት «ገባህ?» ብሎ ነገር የለም፤ «ንገረኝ» ነው። (አለንጋውም እዚያ ነበር፣ አልክደውም።) አንድ ለአምስት ከዚህ ወርሶ ቢሆን ኖሮ በሠራ ነበር። በወረቀት የመጣው ግን ቅጽ ነው፦ የቡድን ስም፣ የሰብሳቢ ፊርማ፣ ሳምንታዊ ሪፖርት። ሰብሳቢው ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ፣ ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ ተቀምጦ «የቡድን ውይይት ተካሂዷል» በሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። አደረጃጀቱ ከቀበሌ እስከ መሥሪያ ቤት ሁሉም ቦታ ስለነበረ ሰው ገና ስሙን ሲሰማ ጆሮውን ይደፍናል። መልካም ዘዴ እንዲህ ነው የሚሞተው።

አሁን ሰው የሚጠይቀኝ «ታዲያ ምን ይደረግ?» ብሎ ነው። መልሴ ትንሽ ነው፣ ገንዘብም አያስወጣም። ጥያቄ የምንጠይቅበትን ቅደም ተከተል እንቀይር።

«አበበ፣ የውሃ ዑደት ምንድን ነው?» ስንል አበበ ይደነግጣል፣ የቀሩት 71 ደግሞ ያርፋሉ። ስሙ ቀድሞ ስለተጠራ ጥያቄው የነሱ አይደለማ። ጥያቄው ይቅደም፤ ከዚያ ዝም እንበል፤ ስሙ በመጨረሻ ይጠራ። መሀል ላይ ያለችው ዝምታ ናት ከባዷ። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳየችው መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል ነው። ጥበቃው ወደ ሦስት ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲራዘም መልሶቹ ረዘሙ፣ ዝም ማለትና «አላውቅም» ማለት ቀነሰ፣ ደካማ የሚባሉትም መናገር ጀመሩ። ሦስት ሴኮንድ! እኔ ስሞክረው ግን ሰሌዳው ፊት ዘመን ያለፈ መሰለኝ። በልቤ «አንድ ቡና፣ ሁለት ቡና፣ ሦስት ቡና» እያልኩ ነው የለመድኩት።

ስም የምጠራውም እጅ ካወጡት መርጬ አልነበረም። እጅ የሚያወጡት ሁሌም እነዚያው ፊት የተቀመጡት ስምንት ልጆች ናቸው። ከ1 እስከ 72 ቁጥር የተጻፈባቸው ብጣሽ ወረቀቶች በድልህ ጣሳ ውስጥ ከትቼ እየበጠበጥኩ አወጣለሁ። ጣሳው ሲንኳኳ ማየት ነበር፣ የመጨረሻው ዴስክ ሳይቀር ቀጥ ይላል። የወጣለት ልጅ «አላውቅም» ካለ አልቆጣም፤ ሌላ ሰው መልሶ ሲያበቃ ወደ እሱ እመለስና «አሁን አንተ በራስህ አነጋገር ንገረን» እለዋለሁ። «አላውቅም» መውጫ በር መሆኑ ቀረ፣ ውርደትም መሆኑ ቀረ። ምርጫ ያለው ጥያቄ ከሆነ ደግሞ ሀ አንድ ጣት፣ ለ ሁለት፣ ሐ ሦስት፤ ሁሉም እኩል ደረቱ ላይ ያሳያል። በአንድ እይታ ክፍሉ የት እንዳለ አውቃለሁ።

ስለ ሌላው በአጭሩ፦ 72 ስም መጥራት ከ40ው ደቂቃ ሰባቱን ይበላል፤ አለቃው «ረባሾች» ከሚጽፍ የጎደለውን ወንበር ቆጥሮ ይስጠኝ። ተማሪው ሲገባ አንዲት ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ትጠብቀው። የግማሽ ወረቀቷን መልስ ማርክ መስጠት አያስፈልግም፤ ገብቶታል፣ ተምታቶበታል፣ ጭራሽ አልገባውም ብሎ ሦስት ክምር ማድረግ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ነገ ከየት እንደሚጀመር የሚነግረኝ የመካከለኛው ክምር ነው።

የሥራ ባልደረቦቼ ተቃውሞ አንድ ነበር፦ «ፖርሽን መቼ ይጨረሳል?» የዋዛ ጥያቄ አይደለም። መምህሩ የሚገመገመው በዓመቱ መጨረሻ ስንት ምዕራፍ እንደሸፈነ እንጂ ስንት ልጅ እንደያዘው አይደለም። ደመወዙ ከቤት ኪራይ የማያልፍ፣ በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ የሚቆም ሰው ተጨማሪ ሸክም ሲባል ቢያጉረመርም አልፈርድበትም። ግን ፖርሽኑን ለማን ነው የምንጨርሰው? በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4። አገሩ ሁሉ ደነገጠ፣ ወቀሳውም ከኮሮና እስከ ጦርነት፣ ከኩረጃ እስከ ስልክ ተዳረሰ። ሁሉም ድርሻ አለው። እነዚያ ልጆች ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «ገባችሁ?» ተብለው «አዎ» ያሉ ልጆች ናቸው። ፖርሽኑም በየዓመቱ ተጨርሷል።

አማርኛችን ሁለት ተረት አለው። አንዱ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ይላል፣ ሌላው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል»። ክፍላችን የተሠራው በመጀመሪያው ነው። ርዕሰ መምህሩም በኮሪደሩ ሲያልፍ ጸጥ ያለውን ክፍል አይቶ ራሱን ይነቀንቃል፣ ድምፅ የሚሰማበትን ያንኳኳል።

የእኔንም አንኳኩቷል። ክፍልፋዩን ካለፍን ሳምንታት በኋላ ነው፤ አንዲት ሁሌም ጥግ የምትቀመጥ ልጅ ቁጥሯ ከጣሳው ወጥቶ ሰሌዳው ፊት ቆማ፣ ለምን መጀመሪያ ታህቱ አንድ መሆን እንዳለበት ለክፍሉ ታስረዳለች። ግማሹ «ልክ ናት» ይላል፣ ግማሹ ይከራከራታል፣ እሷም በጠመኔ እንጀራ እየሣለች ትመልሳለች። በሩ ተከፈተ። ርዕሰ መምህሩ ጫጫታውን አየ፣ ሰሌዳው ፊት የቆመችውን ልጅ አየ፣ ፊቱን ቋጠረ።

«እዚህ ክፍል መምህር የለም እንዴ?»

ከመጨረሻው ዴስክ፣ ከሦስት ልጆች መሀል፣ እጄን አወጣሁ።