ጥቁር አዝሙድ ለባልየው ይሰጥ?

ጥያቄው ይሄ ነው፦ አንዳንድ መድኃኒቶች የወንድን ዘር ይጎዳሉ። ታዲያ ዕፅዋት ከጎን መውሰድ ይበጃል? አንደኛው ተከራካሪ ሰበታ ውስጥ ቅመማ ቅመምና የባህል መድኃኒት ይሸጣሉ። ሁለተኛዋ ሱሉልታ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፋርማሲስት ናት።

ከሰበታ፦
ልጅ እምቢ ሲል እኔ ጋ ቀድማ የምትመጣው ሚስት ናት። ፀበሉንም ሥራ ሥሩንም የምትጠጣው እሷ ናት። ባልየው ለትልቁ አንጀት ቁስለት ዓመት ሙሉ ክኒን ሲውጥ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ይሄ ያንገበግበኛል። ጥቁር አዝሙድ ውስጥ ታይሞኪኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። አይጦች ላይ ሲሞከር፣ ሲስፕላቲን የሚባለው የካንሰር መድኃኒትና ለካንሰርም ለመገጣጠሚያ ሕመምም የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት በዘር ፍሬ ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት ቀንሷል። ይሄን ያሉት ተመራማሪዎች ናቸው፤ ከኪሴ አላወጣሁትም። ስንበላው የኖርነው ቅመም ለባልየው ቢሰጥ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

ከሱሉልታ፦
ጋሼ፣ ስለ ሚስቲቱ ያሉት ልክ ነው፤ እዚያ ላይ አልከራከርዎትም። አይጥ ግን ሰው አይደለችም። ለአይጧ የሚሰጠው በክብደቷ ተሰልቶ ነው። እኛ ሰፈር የሚመጣው በሃይላንድ ነው። አንድ ደንበኛ አሳይቶኛል፤ ቡና የመሰለ ፈሳሽ፣ ከሥሩ አተላ የዘቀጠበት። ምን እንዳለበትም፣ ስንት ማንኪያ እንደሚወሰድም አልተጻፈበትም። ሰውየው ሜቶትሬክሴት ይወስዳል። መድኃኒቱ ራሱ ጉበት ሊጎዳ ስለሚችል ነው በየጊዜው ደም የሚመረመረው። አሁን ጉበቱ ቢታወክ ከየትኛው መጣ እንበል?

የካንሰሩ ደግሞ ይብሳል። ሲስፕላቲን የካንሰርን ሴል ከሚገድልባቸው መንገዶች አንዱ፣ ዕፅዋቱ የሚከላከሉት ያው ጉዳት ነው። ዘሩን አተርፋለሁ ሲሉ ዕጢውንም ቢያተርፉትስ?

ከሰበታ፦
ይሄኛው ያስፈራል። ኬሞ ለሚወስድ ሰው አልሸጥም። ለአንጀቱ ሰውዬ ግን መልስ አልሰጠሽኝም እህቴ። ክኒኑን ሲሰጡት «ዘርህን ሊጎዳ ይችላል» ያለው የለም። እናንተ ጋ ወረፋው ረጅም፣ ወሬው አጭር ነው። እኔ ጋ ቁጭ ብሎ ያወራል።

ከሱሉልታ፦
ሳይነገረው መቅረቱ ያሳዝናል፤ ልክ ነዎት። መልሱ ግን አለ። ለአንጀት ቁስለት የሚሰጠው ሰልፋሳላዚን የዘር ብዛት ይቀንሳል፤ መድኃኒቱ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ይመለሳል። አዲስ ዘር ተሠርቶ እስኪያልቅ 74 ቀን ገደማ ይፈጃልና። ሐኪሙ በሌላ ሊቀይርለት ይችላል። በራሱ ፈቃድ ካቆመ ግን ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል። ኬሞ የሚጀምር ሰው ደግሞ ዘር አቀዝቅዞ ማስቀመጥ የሚባል መንገድ መኖሩን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። እርስዎ ጋ ቁጭ ብሎ የሚያወራውን «ምን ክኒን ትውጣለህ?» ይበሉልኝ። ስሙን ወረቀት ላይ ጽፈው ወደኔ ይላኩት።

ከሰበታ፦
እጠይቃለሁ፣ እልካለሁም። ባሏ ሳይመረመር ለሴትየዋ ሥራ ሥር አልሰጥም። ጥቁር አዝሙዱን ግን ከመደርደሪያዬ አላወርድም። እናንተም አይጧን ትታችሁ በሰው ላይ መዝናችሁ ሞክሩትና ውጤቱን አምጡልኝ።