ማስተካከያ፦ የሚስ ሃቪሻም ሰዓት የቆመው ጠዋት ነው

ስለ ቻርልስ ዲከንስ ልብ ወለድ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ባቀረብነው የተማሪዎች ማብራሪያ፣ በሠርጓ ቀን በተከዳችው ገጸ ባሕርይ በሚስ ሃቪሻም ቤት ያሉት ሰዓቶች «ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ» ላይ ቆመዋል ብለን ነበር። ቁጥሩን ከእንግሊዝኛው እንዳለ ስለወሰድነው በእኛ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ ሆኖ ይነበባል። ትክክለኛው ከጠዋቱ ለሦስት ሃያ ጉዳይ ነው። አንባቢዎችን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ስህተቱ ትንሽ ቢመስልም የቆመውን ሰዓት ተምሳሌትነት ያበላሻል። ሙሽራው ጋብቻውን ማፍረሱን የሚገልጸው ደብዳቤ ለሚስ ሃቪሻም የደረሳት በዚያች ሰዓት፣ ገና ለሠርጓ እየለበሰች ሳለ ነው። የታሪኩ ተራኪ ፒፕ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲያያት ጫማ ያደረገችው በአንድ እግሯ ብቻ ነው፤ ሌላኛው ጠረጴዛው ላይ፣ እጇ አጠገብ ተቀምጧል። ነጭ የነበረው ልብስም ቢጫ ሆኗል። ሰዓቱም ጫማውም እዚያችው ደቂቃ ላይ ነው የቀሩት። ስለ ተምሳሌት የሚጽፍ ተማሪ ሁለቱን አብሮ ቢያነሳ መልሱ ይጠነክራል።

በዚያው ጽሑፍ ፒፕና የሚስ ሃቪሻም የማደጎ ልጅ ኢስቴላ መጨረሻ ላይ ተጋቡ ማለታችንም ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1861 የታተመው መጨረሻ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከፈረሰው የሚስ ሃቪሻም ቤት ግቢ ሲወጡ ያበቃል፤ ስለ ጋብቻ አይናገርም። ዲከንስ መጀመሪያ በጻፈውማ ጭራሽ ተለያይተው ነበር።