የበረዶው ሒሳብና የቆራሌው ሚዛን

በዲሴምበር 2018 (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለንደን፣ ቴት ሞደርን ሙዚየም ደጅ 24 የበረዶ ቋጥኞች ተቀመጡ፤ ሌሎች 6 ደግሞ በባንኮቹ ሠፈር። የሥነ ጥበብ ሥራው የዴንማርክና የአይስላንድ ሰው የሆነው የአርቲስቱ የኦላፉር ኤሊያሰንና የጂኦሎጂ ባለሙያው የሚኒክ ሮሲንግ ነበር። ኤሊያሰን በበርሊን የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ ከ2009 እስከ 2014 በፕሮፌሰርነት አስተምሯል፤ ከ2014 ወዲህ ደግሞ በአዲስ አበባው «አለ» የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤትም ስሙ በፕሮፌሰርነት ተመዝግቧል። ስለዚህ ነገሩ ለእኛም ቤት ሩቅ አይደለም።

በረዶው ከግሪንላንድ ግግር ላይ የተፈለጠ አይደለም። ራሱ ተገምሶ በግሪንላንድ ዋና ከተማ በኑክ አጠገብ ባሕር ላይ ሲንሳፈፍ የነበረው ተጎትቶ፣ በማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ተጭኖ ነው የመጣው። ከባዶቹ ቋጥኞች 5 ቶን ያህል ይመዝናሉ፤ አንድ ሜትር ኩብ በረዶ ወደ 0.9 ቶን ስለሚሆን 5.5 ሜትር ኩብ ገደማ ማለት ነው። ይህን አደባባይ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው አስቀድሞ ማየት ያለበት ንጣፉን ነው፤ ከሥሩ ምድር ቤት ወይም ቦይ ካለ ሊደረመስ ይችላል። በረዶው ሲቀልጥ በውስጡ የታመቀው የጥንት አየር እየተንጣጣ ይወጣል። ሕዝቡ ጆሮውን የሚያስጠጋው ለዚህ ነው።

እኔ ከሁሉ የማደንቀው ግን ሒሳቡን ነው። ይኸው ሥራ በ2015 ፓሪስ ላይ ሲታይ ለቆሙት 12 ቋጥኞች፣ በድምሩ 80 ቶን፣ የሥራው ልቀት ተሰልቶ 30 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል መሆኑ ለሕዝብ ተነግሯል። ስለ አካባቢ የሚናገር ሥራ የራሱን ጭስ ሳይደብቅ ማቅረቡ ትልቅ ነገር ነው።

አገር ቤት ይህ ሒሳብ ከነጭራሹ ሊቀልል ይችላል፤ ዕቃው እዚያው ነዋ። አርቲስቱ ኤሊያስ ስሜ ከ2009 ጀምሮ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር ቁልፍ እየገዛ፣ ሽቦውን ጎንጉኖ እንጨት ላይ በምስማር ይመታል። ሽቦው ቀለሙ ሳይበላሽ መገኘት አለበት፤ መዳብ ፈላጊ አንዴ ካቃጠለው ልባሱ መርዛማ ጭስ ሆኖ ይሄዳል። ከሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ አዘጋጇ ከመስከረም አሰግድ ጋር በ2019 መካኒሳ የከፈቱት ዞማ ሙዚየም ደግሞ በጭቃና በጭድ የቆመ ነው። ለንደን ውስጥ አንድ ተማሪ ወደ ኤግዚቢሽን አዳራሽ ጭድ ላስገባ ቢል መጀመሪያ የሚጠየቀው የእሳት መከላከያ ማረጋገጫ ነው። እኛ ጋ ግን ዕውቀቱ በየመንደሩ አለ፤ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ፣ ለቀናት ተብላልቶ፣ እንደገና ተረግጦ ይለጠፋል። ሳይብላላ የተለጠፈ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የድንጋይ መሠረት የሌለው ግድግዳ ደግሞ በዝናብ ፍንጣቂ ከሥሩ ይቦረቦራል፣ ምስጥም ይገባበታል።

የሚያሳዝነኝ ይህ ሁሉ እያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ በሙጫ ከብረትና ከጨርቅ ጋር አጣብቆ «የአካባቢ ጥበቃ» ማለት ነው። ዕቃዎቹ አንዴ ከተጣበቁ ቆራሌው እንኳ አይነካቸውም። በሙጫ ፋንታ ብሎንና የሽቦ ማሰሪያ ቢሆን፣ ኤግዚቢሽኑ በተዘጋ ማግስት ሁሉም በየዓይነቱ ይፈታል፤ ብረቱም ጠርሙሱም ለየብቻው ይሸጣል።